ይሄ ፎቶ ለማን ነው?

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የልጅ ልጅ እዚሁ መቱ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀችና ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ምሳ ተጠራ። ሆቴሉ አዲስ ነው፤ ወንበሮቹ ላይ ላስቲካቸው ገና አልተነሳም። ከመቀመጣችን አስተናጋጇ ሰላጣ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ ኮምጣጤው ሽቅብ አፍንጫዬን መታው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳወራ አላውቅም። ሰው ኮምጣጤ ሲሸተው ሆዱን ያስባል፣ እኔ ባሌን አስባለሁ። ሸምሱ፣ አላህ ይዘንለት፣ ፎቶ አንሺ ነበር። ለፎቶ ማጠቢያ የሚሆነው አሲድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ከሱቅ ኮምጣጤ ገዝቶ በውሃ እያቀጠነ ይሠራ ስለነበር ጣቶቹም፣ ሸሚዙም፣ ትራሱም ሳይቀር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሉ ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው፤ ከሞተ በኋላ ግን ያንን ትራስ ለማጠብ እጄ እሺ አላለኝም። እንዲህ በሐሳብ ስዋልል ከማዶ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ቀስሮ፣ አፌ ሰላጣ እንደሞላ አነሳኝ። «እማማ፣ ቆንጆ ወጥተዋል» አለና ለጎረቤቱ አሳየው፤ ጎረቤቱም ሳቀ። ደህና ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። የእኔ ልብ ግን የድሮው ፎቶ ቤታችን ሄዶ ቁጭ አለ።

ፎቶ ቤታችን ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሻይ ቤት መካከል ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ተደርድረዋል፤ በዚያ ሳልፍ የማውቀውን በር ፈልጌ አጣለሁ። ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። መንገዱ የበቅሎ፣ ቡና የጫነ ኤንትሬ መኪና፣ አልፎ አልፎም የመንግሥት ላንድሮቨር ነው፤ የቀረው ሰው በእግሩ ነው። ሻይ ቤቱ ቴፕ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው ማርሽና መፈክር ሲለቅ ባለቤቱ ከፍ ያደርግለታል፣ ሰሚ ብዙ ነዋ። ረፋዱ ላይ ግን ካሴት ያስገባል፤ ክራሩና የአንዲት ሴት ድምፅ በጣውላው ስንጥቅ ሾልከው ጨለማ ክፍላችን ድረስ ይመጡ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ስኳር በጠፋ ጊዜ ከሁሩሙ በሚመጣ ማር ይሰጡናል። እኛም «ምን ዓይነት ዘመን መጣ፣ ሻይ በማር» እያልን እናማርር ነበር። ዛሬ ያንኑ ሻይ ሀብታም ነው የሚጠጣው። ወንዶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጃቸው ሰብስበው ይሄዱ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ካኪ ለባሽ ሆነ። ሴቶቹ ሻሽ በግንባር ላይ ያስሩ ነበር። ስንት ግንባር አስሬያለሁ በዚህ እጄ።

ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከፊት ማንሻው፣ ከኋላ ጨለማ ክፍሉ። ማንሻው ግድግዳ ላይ የሶር ፏፏቴ በዘይት ቀለም ተስሏል። ሠዓሊው የሚያውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ማስገባት ፈልጎ ኖሮ ከፏፏቴው በላይ አውሮፕላን፣ ከሥሩ ደግሞ ጉሬዛ አስቀምጦበታል። የእኔ ሥራ ማልበስ ነበር። ከቡሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከየገጠሩ በገበያ ቀን የሚመጣው ሰው ጭቃ ለብሶ ነው የሚደርሰው፤ የኢሉባቦር ዝናብ መቼ ያባራል። ስለዚህ በምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ የተትረን ሸሚዝና ክራባት፣ ለሴት ደግሞ አንድ ነጭ ቀሚስና አበባ ያለው ሻሽ ታጥቦ ተተኩሶ ይጠብቃል። ኮቱ ለቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፤ ለወፍራሙ ደግሞ የጀርባውን ስፌት ተርትሬ ስለተውኩት እንደ ልቡ ይከፈትለታል፤ ፎቶ ጀርባ የለውም። ጉርድ ስለሆነ እግርም አይታይም፤ ኮንጎ ጫማ ይሁን ባዶ እግር የባለቤቱ ምሥጢር ነው። በዚያ ዘመን የተጋቡ የዚህ አገር ሰዎች ቤት ገብታችሁ ግድግዳቸውን ብታዩ ሙሽራው ሁሉ ያንኑ ኮት ለብሷል። አንዴ ሁለት ሰዎች ቡሬ ላይ ልጅ ሲዳዳሩ ፎቷቸውን ቢያስተያዩ በአንድ ኮት ሆነው አገኙት፤ «እኛማ ድሮም ዘመድ ነበርን» ተባብለው ጥሎሹን ቀነሱ ብለው አወሩልን።

ሸምሱ ካሜራውን በሦስት እግሩ ተክሎ፣ ሰውየውን አስቀምጦ፣ እኔም አልብሼ ስጨርስ ወዲያው አያነሳም። መጀመሪያ ይጠይቃል። «ይሄ ፎቶ ለማን ነው?» ይላል። ለገጠሩ ሰው በኦሮምኛ፣ «ሱራን ኩን ኤኙፊ?» ይለዋል። መልሱ ሥራውን ይለውጠዋል። ለእናት ከሆነ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለስ አድርጎ ጉንጩን ሞላ ያደርግለታል፤ እናት መጀመሪያ የምታየው ልጄ ከስቷል ወይ የሚለውን ነው ይል ነበር። ለእጮኛ ከሆነ ዓይን ላይ ይሠራል። ለመታወቂያ ከሆነ «እንግዲህ እንደ ተከሳሽ ቀጥ በል» ብሎ ያስቀውና፣ ሳቁ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ በዚያ ዘመን መታወቂያ ላይ የሳቀ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል። ለማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከመጣ «ሂድና አስበህ ና» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ገበያችንን አባረርክብኝ ብዬ እቆጣለሁ። «ራህመት፣ የሚያየው ሰው ሳይታወቅ የሚታየውን እንዴት አድርጌ ላስቀምጠው?» ይለኛል። ቁጣዬ ግን አይበርድም።

ሌላም ልማድ ነበረን። ያኔ ጋብቻ ሲታሰብ የልጅቷ ፎቶ ለልጁ ቤተሰብ ይላካል። ነገሩ ከፈረሰ ፎቶው ይመለሳል፤ ፎቶው ብቻ አይደለም፣ ኔጋቲቩም ከእኛ ዘንድ ወጥቶ፣ ሽማግሌ ባለበት ለሁለት ተቆርጦ ለልጅቷ ይሰጣታል። ያነሳው ይቆርጣል፣ የተነሳችው ትወስዳለች፤ ደንቡ ይህ ነው። «ፊቷን ወሰደች» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያቺን ልጅ ማንም በፎቶ አይቶ «እከሌ ያልፈለጋት» ሊላት አይችልም። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሸምሱ ግን እንደ ሃይማኖት ነበር የያዘው። የተቆረጠች ቁራጭ ፊልም ይዘው ከቤታችን ሲወጡ ቀና ብለው የሄዱ ልጃገረዶች ትዝ ይሉኛል። ዛሬ ፊቷን ልውሰድ የምትል ልጅ ወደ ማን ትሄዳለች?

እንግዲህ ድርቁ በሰሜኑ በኩል አገር ባዶ ያደረገበት ጊዜ መጣና ሰፋሪዎች ወደ እኛ አገር ተጫኑ። ከላይ ሆነው የሚሉትን ተዉት፤ እኔ የማወራው ያየሁትን ነው። በአውቶቡስና በጭነት መኪና ታጭቀው መቱ ሲገቡ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ዝናብ ስጠን ብለው ዓመት ሙሉ ሲማጸኑ የከረሙ የወሎ ሰዎች ከመኪና ወርደው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም ብለው ዝናቡን አዩት። ከተማው በቆሎ ቀቅሎ ወጣ፣ ዳቦ ይዞ ወጣ፤ የሚወራውን ፈርቶ በሩን የዘጋም ነበር። ከዚያ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ጫካው ተመንጥሮ የሣር ጎጆዎች በሰልፍ ተሠሩላቸው። ነጭ የነበረው ነጠላቸው ጭቃው እየነከረው ሌላ ቀለም ሆኖ ቀረ። እህል የሚመጣው በመኪና ነው፤ መኪናው ደግሞ ጭቃው ሲፈቅድለት ነው።

በዚያው ሰሞን ብርሃኑ የሚባል ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአብዮቱ በዓል የሚሰቀል የሰፈራ ፎቶ አንሳ ተብሎ ነው የተላከው። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ አንጠልጥሏል፤ አንዷ ካሜራ ብቻ የሸምሱን ሱቅ ትገዛለች። ፊልሙን የሚያጥበው እኛ ጨለማ ክፍል ስለነበር ቤተኛ ሆነ። ጨዋታ ያውቃል፤ ሻይ ቤቱ የሚዘፍነውን ተከትሎ ከመጋረጃው ጀርባ ያንጎራጉራል፣ ድምፁ ግን ለፊልም ማጠቢያ ብቻ የሚሆን ነበር። ለሸምሱ አዲስ የማጠቢያ ዘዴ አሳየው፣ ሸምሱም ጭጋግ የገባበትን ሌንስ በሩዝ ውስጥ ማድረቅ አስተማረው። ሲጨዋወቱ ወንድማማች ይመስሉ ነበር። ብርሃኑ ቀን ቀን ሰፈራው ይውላል፤ የሚሰቀለውን ፎቶ፣ በቆሎ ታቅፎ የሚስቅ ገበሬ፣ ትራክተር፣ ባንዲራ፣ በአንድ ጥዋት ጨርሶታል። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ለራሱ ነበር።

አንድ ቀን ከጨለማ ክፍሉ አንድ እርጥብ ፎቶ ይዞ ወጣና «ጋሽ ሸምሱ፣ እዩልኝ» አለ። እህል ሲታደል የተነሳ ነው። ዝናብ ይዘንባል። እህል አዳዩ በጣሳ ሲሰፍር ቆይቶ እህሉ አልቆ፣ ባዶውን ጣሳ ወደ ታች ዘቅዝቆታል። ከፊቱ አንዲት ሴት ሁለት መዳፏን ገጥማ እንደ ዘረጋች ቀርታለች። ሻሿ ወድቆ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጸጉሯ ረጥቧል። ማለቁን ዓይኗ አይቷል፣ እጇ ግን ገና አልሰማም። ሸምሱ ረዥም ጊዜ ያዘው። «ይህን ይሰቅሉታል?» አለው። «እዚህ አይሰቅሉትም» አለ ብርሃኑ፣ «አዲስ አበባ ግን አንድ የማምነው የጋዜጣ አዘጋጅ አለ። ከሚስቁት መሃል ደብቆ ያሳልፍልኛል። ሰው ይየው እንጂ። እህሉ እዚህ እንደማይደርስ አገር ይወቅ።» ለራሱም ፈርቶ ነበር። ሸምሱ ፎቶውን መለሰለትና «ጥሩ አንሺ ነህ» አለው።

የገበያው ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣች። ሸምሱ ደንበኞቹን ሸኝቶ፣ ብርሃኑ ከኋላ ፊልሙን በገመድ ላይ እያሰጣ ሳለ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ክንዷ ላይ የፈትል ጥቅል አንጠልጥላለች። አወቅኳት፤ የፎቶዋ ሴት ናት። ዘምዘም ልበላት፤ ስሟ ይህ አይደለም፣ ያለ ፈቃዷ ስሟን አላወጣም።

«ፎቶ አንሺው ቤት ይሄ ነው እታለም?» አለችኝ።

«ነው፣ ግቢ።»

«ከሰፈራው ነኝ። ፈትል የምሸጥላት የሸማኔው ሚስት፣ እዚህ ቤት ሰው ፊቱን ይወስዳል ብላ ነገረችኝ። ባለፈው እህል ሲታደል አንድ ካሜራ የያዘ ሰው አንስቶኛል። ፊቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ብርሃኑ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። እጁ እርጥብ ስለነበር ሳይጨብጣት በአንገቱ ሰላም አላት። ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«እህቴ» አላት፣ «ክፉ አስቤ አይደለም። ያ ፎቶ ቢታይ የሚደርስላችሁ ይገኛል። ስለ እናንተ ብዬ ነው።»

«ክፉ እንዳልሆንክስ ዓይንህ ይናገራል ወንድማለም። ግን አልጠየቅከኝም።»

«ብጠይቅሽ ኖሮ እጅሽን ትሰበስቢ ነበር።»

«እሰበስብ ነበር» አለች።

የሻይ ቤቱ ዘፈን ይሰማል። ሸምሱ ሄዶ የመንገዱን በር ዘጋው፤ ወሬው ለበር የሚሆን እንዳልሆነ ገብቶታል። ዘምዘም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። ታናሽ ወንድሟ ወታደር ነው፣ በሰሜን ግንባር። እናት አባታቸው ካለቁ ወዲህ የቀረችው እሷ ናት፣ የቀረላትም እሱ ነው። መሬት ተሰጥቶናል፣ በሬ አለን፣ ቤቴ ሙሉ ነው ብላ ደብዳቤ አጽፋለታለች። «ጋዜጣ ጦሩ ጋ ይደርሳል አሉ። በየምሽጉ እየተነበበ ያዩታል አሉ። እሱ ደመ ሙቅ ነው። እኔን እንዲህ ሆኜ ካየኝ አንድ ቀን አያድርም፣ ጠመንጃውን ጥሎ ይመጣል። ጥሎ የመጣን ምን እንደሚያደርጉት ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።»

እናውቅ ነበር።

ብርሃኑ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ፊልሙ የመንግሥት ነው» አለ፣ ወደ ሸምሱ ዞሮ። «በቁጥር ነው የሰጡኝ። መሃሉ ተቆርጦ ቢያገኙት ምን ነበረበት ይሉኛል። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም እኮ ጋሽ ሸምሱ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ አለ። አንድ ሰው አፈረ ብዬ ሌላው ይሙት?»

እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜም እውነቱን እንደሆነ ተሰምቶኝ ነበር። ሸምሱ ወደ ካሜራው ሄዶ ደገፍ አለና፣ ለደንበኛ ሁሉ በሚጠይቀው በዚያው ድምፅ «ይሄ ፎቶ ለማን ነው?» አለው።

«ለሕዝብ» አለ ብርሃኑ።

ዘምዘም ቀና ብላ አየችው። «ወንድሜም እኮ ሕዝብ ነው» አለች።

በዚያ ዘመን ሕዝብ የሚለው ቃል በየግድግዳው፣ በየሬዲዮው፣ በየስብሰባው ነበር፤ ሰምተን ሰምተን ጆሯችን ላይ ጠፍጥፎ ቀርቷል። ፊት ኖሮት፣ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚገልጥ ታናሽ ወንድም ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብርሃኑም እንደዚያው ሳይሆን አልቀረም።

«አሳየኝ እስቲ» አለችው። «ፊቴን ሳላይ አልከራከርም።»

ይዟት ገባ፤ እኔም ተከተልኩ። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ያቺ ቀይ አምፖል ትበራለች፣ ኮምጣጤው ይከረፍፋል። ፎቶውን ከገመዱ አውርዶ ሰጣት። ቀስ ብላ ወደ ብርሃን ይዛው ወጣች። ቤቷን ከለቀቀች ጀምሮ መስታወት አላየችም ኖሮ «ይቺ ማናት? እናቴን ትመስላለች» አለች። ከዚያ ገባት። በአንድ ጣቷ የራሷን ጉንጭ ነካች፣ ቀጥሎ የፎቶውን። አለቀሰች ብል ውሸት ነው፤ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

«ውሸት የለበትም» አለች። «እኔው ነኝ። እውነት ባይሆን ምን አስፈራኝ። ግን ወንድማለም፣ ይሄ እጅ የተዘረጋው ያን ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ ነው የኖረው። የአባቴ ቤት መንገደኛ ሳይበላ አያልፍም ነበር፤ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ያንን ማን አነሳልኝ?»

ብርሃኑ የደንበኛው ወንበር ላይ፣ ከፏፏቴውና ከአውሮፕላኑ ሥር ቁጭ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅሁ። «እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዳግመኛም አላነሳ ይሆናል።» ሸምሱ ከመሳቢያው መቀሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና የሚሠራ አስመስሎ የሦስት እግሩን ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። አልለመነውም፣ አልመከረውም። ብርሃኑ መቀሱን አየው። ከዚያ ተነስቶ ፊልሙን አምጥቶ ወደ መስኮቱ ይዞ እስኪያገኛት ፈለገና፣ ከግራ ቆረጠ፣ ከቀኝ ቆረጠ፣ ያቺን አንዷን ደግሞ ለሁለት ከፈላት። ፊቱ የዘመድ ሞት የተረዳ ሰው ፊት ነበር። ዘምዘም ሁለቱን ቁራጭ ከፎቶው ጋር ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«ላንሳሽ?» አላት ብርሃኑ።

«አሁንማ አንሳኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለወንድሜ» አለች፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ያየሁት።

ነጩን ቀሚስ አለበስኳት፣ ሻሹን አሰርኩላት። ሰፋባት፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ብርሃኑ በሸምሱ ካሜራ ነው ያነሳት፤ የራሱን አልነካም። ፈገግ በይ ሲላት «ስስቅ ካየኝ ነቅቶብኝ ይመጣል፣ ድሮም ብዙ አልስቅም» አለችው። እጄ ይውጣ አለች። ሸምሱ ካሜራውን ወደ ኋላ ሳበላት፤ ፈትሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ክሩን እያየች ተነሳች። ልብሱ የእኛ ነው፣ ፈትሉ ግን የእሷ፣ እጁም የእሷ። ያ ፎቶ ውሸት ነበር የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ብርሃኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ስለ ፊልሙ ጠይቀውት እንደሁ አላወቅንም፤ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሹፌር ሰላምታና የፎቶ ወረቀት ላከልን፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። በዚያ ክረምት ሰፈራው ውስጥ ብዙ ሰው ሞተ። ያ ፎቶ ታትሞ ቢሆን እህል ይመጣ ነበር ወይ? አንዳንድ ጧት ስነሳ ይህ ሐሳብ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሸምሱንም ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። «ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል። እሱን አላህ ያውቃል» ይለኛል። «ብርሃኑ ግን ቢጠይቃት ኖሮ ምናልባት ራሷ ሌላ ነገር ታሳየው ነበር። ጎጆዋን፣ ባዶ ጎተራዋን፣ መቃብሩን። ሰው ሲጠየቅ እኮ ነው የሚናገረው።» ይህን ሲል ፊልም እያየ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። እኔ ዛሬም አልወሰንኩም። የሚወስን ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ከልቤ አላምነውም።

ዘምዘም በየገበያው እየመጣች ወዳጄ ሆነች። ኦሮምኛም ለመደች፤ ከሁሩሙ ሴቶች ጋር ማር ስትከራከር ብትሰሟት የዚሁ አገር ልጅ ናት ትላላችሁ። መንግሥት ሊለወጥ ሲል ሰፋሪው በየፊናው ወደ አገሩ መመለስ ጀመረ፤ እሷም ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ልትሰናበተኝ መጣች። ከወንድሟ ወሬ ከተቋረጠ ቆይቷል። ለመንገዷ ነጩን ቀሚስ ሰጠኋት፤ ለፎቶ ቤቱ ሌላ አሰፋን።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩ ተበትኖ አገሩ በእግሩ በሚሄድ ወታደር ተሞላ። ግማሹ ጫማ የለውም፤ ከተማው እንደገና ዳቦ ይዞ ወጣ። አንድ ረፋድ ላይ ረዥም፣ ጢሙ ያደገ፣ የወታደር ሸሚዙ አንገቱ ላይ የተቀደደ ሰው በራችን ላይ ቆመ። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ፎቶ አውጥቶ ሰጠኝ። እጥፋቱ ነጭ ሆኗል፣ በፈትሉ መሃል አልፏል። ከጀርባው የቤታችን ማኅተም አለ፤ በእሱ እየጠየቀ ነው የደረሰው። «ይቺን ሴት ታውቋታላችሁ?» አለ። ዓይኖቹን ሳይ ዘምዘምን አየሁ።

«እህትህ ደህና ናት» አልኩት። «በሕይወት አለች። ወደ አገሯ ተመልሳለች፣ ገና ወሯ ነው።» እንዲህ ስለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዳቦና ሻይ አስመጣሁለት፤ ዳቦውን ይዞ ቀረ፣ አልበላም። ሸምሱ የመጋረጃውን ጫፍ ይዞ ቆሟል።

«እትዬ» አለኝ ሰውየው። «ደብዳቤዋ ሁሉ ደህና ነኝ ነበር የሚለው። ፎቶዋም ደህና ናት። ሰፈራውን ግን ያዩ ሰዎች ሌላ ይነግሩኛል። እርስዎ እዚህ ነበሩ። እህቴ ተርባ ነበር? የሰው እጅ አይታ ነበር?»

ያ ሌላው ፎቶ ፊቴ ላይ ነበር፤ ዝናቡም፣ ባዶው ጣሳም፣ የረጠበው ጸጉሯም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሸምሱን አየሁት፤ አላገዘኝም።

«እሱን እሷ ትንገርህ ወንድሜ» አልኩት። «የእሷ ነው።»

እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ዳቦውን ቆርሶ በላ፣ ሻዩንም ጠጣ። ፎቶውን በነበረው እጥፋት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀኝ።